የጀርመን ነው

መለዋወጫ በሚሸጥበት በዚያ መንገድ ዕቃ የሚገዛ ሰው ካርቶን አያምንም። ካርቶንማ ምን አለበት፣ የጫኑበትን ይሸከማል። ብረቱ ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍም አያምንም፤ ጽሑፍ የሚቀርጸው ማሽን እንደሆነ ሰው አቅፎት የሚሄድ ትንሽ ዕቃ ነው፣ ማንም ሊገዛው ይችላል። መንገዱ የሚያምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም የአንድ ሽማግሌ ጆሮ።

ሽማግሌው ኩሽኔታ ሻጭ ነው። ኩሽኔታ እንግዲህ የመኪና ጎማም ሆነ የወፍጮ ዘንግ፣ የሚሽከረከር ነገር ሁሉ የሚቀመጥበት ነው፤ ሁለት የብረት ቀለበቶች፣ በመሀላቸው የተደረደሩ የብረት ብዮች። ሽማግሌው አርባ ዓመት ሙሉ ኩሽኔታ በግራ ጣቶቹ ላይ ሰክቶ፣ በቀኙ አሽከርክሮ፣ ጆሮው ሥር አስጠግቶ ሲያዳምጥ ኖሯል። ጥሩው «እስስስ» ብሎ፣ ብሎ፣ ቀስ እያለ ያልቃል። መጥፎው መሀል ላይ ጠጠር እንደነከሰ ሰው ጥርስ ቅጭ ይላል። ሽማግሌው ዓይኑን ይገልጥና «የጃፓን ነው» ወይም «የጀርመን ነው» ወይም «አገሩ አይታወቅም» ይላል። አለቀ፣ ይግባኝ የለም። ሰዉ «ጋሽ ጆሮ» የሚል ስም አወጣለት፤ እሱም ስሙን ወደደው።

አዲስ ጭነት በገባ ቁጥር፣ ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን፣ ከመሀል አንድ ካርቶን አስከፍቶ በጋሽ ጆሮ ባንኮኒ ላይ ማስቀመጥ የመንገዱ ሕግ ሆነ። ገዢዎች ይሰበሰባሉ፣ ሽማግሌው ያዳምጣል፣ ይፈርዳል፣ ከዚያ በኋላ ነው ገበያው የሚጀመረው። ለዚህ ሥራ ከማንም ምንም ተቀብሎ አያውቅም። ሻይ እንኳ ሲጋብዙት «ከፍርድ በኋላ ሻይ የለም» ብሎ ይመልሳል።

ደግሞ ርካሽ ዕቃ ጠላቱ አይምሰላችሁ። እሱ ራሱ ሁለቱንም ይሸጣል። በቀኝ መደርደሪያ አገሩ የታወቀው፣ በግራ መደርደሪያ ደግሞ መንገዱ «አገር የለሽ» የሚለው። በአገር የለሹ ካርቶን ሁሉ ላይ በጠመኔ፣ በገዛ እጁ፣ «አገሩ አይታወቅም» ብሎ ይጽፋል። «መጥፎ ዕቃ የለም» ይላል ለገዢ። «አገሩን የደበቀ ዕቃ ነው መጥፎ። ሦስት ወር እንደሚሠራ ካወቅክ በሦስት ወሩ ትለውጠዋለህ፣ ማንም አይጎዳም። ዓመት ይሠራል ብለህ ካመንከው ነው የሚገልህ።»

ይህን ስብከት ሴት ልጁ ከአሥር ዓመቷ ጀምራ ሰምታዋለች። አሁን ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ሱቁንም ቤቱንም ከአባቷ ጋር የያዘችው እሷ ናት። «ምነው ባል አላገባሽ?» ለሚሏት «ኩሽኔታ አግብቼ የለ እንዴ፣ ቀኑን ሙሉ ያሽከረክረኛል» ትላቸዋለች። ሲስቁ እሷም ትስቃለች። ልጅ ሆና አባቷ ዓይኗን በመሀረብ እየሸፈነ ኩሽኔታ ጆሮዋ ሥር ያሽከረክርላት ነበር፤ ጨዋታቸው ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት አንድም አትስትም ነበር። ይህን ግን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም፤ መንገዱ ሁለተኛ ጆሮ አላስፈለገውም።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ከውጭ ስትመለስ አባቷን ብቻውን አገኘችው። ስድስት ኩሽኔታ ባንኮኒው ላይ ደርድሯል። አንዱን ያሽከረክራል፣ ጆሮው ሥር ይይዛል፣ ያስቀምጣል፣ ሌላውን ያነሳል። እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

«ምነው አባዬ?»

«ግራሶው ነው» አለ። «ዘንድሮ የሚቀቡትን ግራሶ አብዝተውበታል፣ ድምፁን አፍኖታል።»

ግራሶው አልነበረም። እሷ በሩ ላይ ቆማ ስድስቱንም ሰምታቸዋለች። ሰው ጮክ ብሎ ሲያናግረው አባቷ ይሰማል፣ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል፤ ያቺ ቀጭን «እስስስ» ብቻ ናት ከዕድሜ ጋር ጥላው የሄደችው። ከሌላ ሽማግሌ ብትጠፋ ማንም ባላወቀ ነበር። እሱ ግን ከሷ ሌላ ምን ነበረውና።

ከሦስት ቀን በኋላ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር መጣ። አባቷ አሽከረከረ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ እንደገና አሽከረከረ። ሹፌሩ ጉሮሮውን ጠረገ። አባቷ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ሲልበት አየች። ኩሽኔታው ንጹሕ እንደሆነ ሰምታለች። ምን እንደምታደርግ እንኳ ሳታስበው ከባንኮኒው ሥር ጫማዋን አወለቀችና በባዶ እግሯ የአባቷን የቀኝ ጫማ አንድ ጊዜ ጫን አደረገችው።

«የጃፓን ነው» አለ አባቷ ወዲያው።

በሚቀጥለው ኩሽኔታ ሁለት ጊዜ ረገጠችው። «አገሩ አይታወቅም» አለ።

አንድ ጊዜ ብረቱ ላይ የተጻፈው አገር እውነት ነው፣ ሁለት ጊዜ ውሸት ነው ማለት ሆነ፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ግን አንዲት ቃል ተነጋግረው አያውቁም። ያን ቀን እራት ሲበሉ ስለ ጣሪያው ማፍሰስ አወሩ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ወንበሯን ከወንበሩ አስጠግታ ተቀመጠች፤ ጆሮው የሷ፣ አፉ የሱ ሆነ። ማታለል ነው ወይ ብላ ራሷን ጠይቃለች። ነው። ግን አንድም ገዢ አልተታለለበትም፣ አንድም ፍርድ አልተሳሳተም፤ ታዲያ ማን ተጎዳ? እንዲህ እያለች ትተኛ ነበር፤ እንቅልፍም ይወስዳት ነበር። አባቷ ኩሽኔታው ሲሽከረከር አውራ ጣቱን በብረቱ ጎን ላይ ማሳረፍ ለምዶ ነበር፤ ለሰው ዓይን የሚያደርገው ነገር መሰላት።

እንግዲህ ዕቃ በጅምላ እያስመጣ ለመንገዱ ወደሚሸጠው ወደ ባለ መጋዘኑ እንምጣ። ባለ መጋዘኑ ክፉ ሰው አይመስልም፤ ቢመስልማ ነገሩ ምንኛ በቀለለ። ሳቂታ ነው፣ ተጫዋች ነው፣ ሰው ለሞተበት ቀድሞ ደራሽ ነው። አንድ ቀን ባንኮኒው ጋ ቆሞ ሲቀልድ አንድ ትንሽ ኩሽኔታ ከእጁ አምልጣ በባንኮኒው ሥር ተንከባለለች። ጎንበስ አለ። አባቷ ያን ሰዓት ለሌላ ገዢ እየፈረደ ነበር። ባለ መጋዘኑ ኩሽኔታዋን ይዞ ሲነሳ ፊቱ ላይ ያው ሳቁ አለ፤ ብቻ ሳቁ አባቷን ትቶ እሷን ያይ ነበር። ወዲያው እግሯን ሰበሰበች። ዘግይታለች።

በማግስቱ ወደ መጋዘኑ አስጠራት። መጋዘኑ ከመንገዱ ጀርባ ነው፤ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የሲሚንቶ ወለል፣ እስከ ጣሪያው የተደረደረ ካርቶን። ጥግ ላይ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ትንሽዬ ማሽን። ባለ መጋዘኑ ከጆንያ ውስጥ አንድ ኩሽኔታ አወጣ፤ ምንም አልተጻፈበትም። ማሽኑ ሥር አስቀመጠው። መርፌው ትክ ትክ ትክ እያለ ብረቱን ወጋ። በቤንዚን ጨርቅ ጠረግ አድርጎ ሰጣት። በጀርመን የተሠራ መሆኑን የሚገልጸው ጽሑፍ ከእውነተኛው ይልቅ ያምር ነበር።

«ይኸውልሽ፣ አልደበቅኩሽም» አለ። «እዚህ ሲደርስ ባዶ ነው። ማን እንደሠራው እኔም አላውቅ። ጥሩ ብረት ነው እኮ፣ አይሠራም አላልኩም! የጎደለው ስም ነው። ስም ሰጠሁት።»

«አባቴ አያሳልፈውም» አለች።

«አባትሽ?» ሳቀ። «የኔ እህት፣ አባትሽማ ጥሩምባም ብነፋለት ያሳልፈዋል። አንቺ ነሽ የማታሳልፊው።»

ወንበር ሳበላት፣ አልተቀመጠችም። እሱ ተቀመጠ።

«ነገ ጠዋት ካርቶኑን ይዤ እመጣለሁ» አለ። «አንድ ጊዜ ትረግጪያለሽ። ሁለት ጊዜ ከረገጥሽ ግን እኔም አፍ አለኝ። ጋሽ ጆሮ ከደነቆረ ሁለት ዓመቱ እላለሁ፤ ልጅቷ በእግሯ ነው የምታስፈርደው እላለሁ። ባንኮኒው ሥር ጎንበስ ብላችሁ እዩ እላለሁ። ከዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ የፈረደው ሁሉ ይቆፈራል። የተገለበጠ መኪና፣ የቆመ ሞተር፣ ሁሉም በሱ ይላከካል። ‹የለም፣ ልጄ ትክክል ሰምታ ነበር› ቢል ማን ያምነዋል? በዚህ ዕድሜው መንገድ ላይ ሲሰድቡት ታይዋለሽ።»

«ሰው ቢሞትስ?»

«በኩሽኔታ?» አለና ከልቡ ሳቀ። «ኧረ ተይ! ሰው በስንት ነገር ይሞታል። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምልሽ። አንድ።»

ውጣልኝ ማለት አምሯት ነበር፤ ግን መጋዘኑ የሱ ነው፣ የወጣችው እሷ ናት።

ቤት ስትደርስ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። አባቷ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይወለውላል። የቀኙ ጫማ አፍንጫው ላይ ተጨማዶ ቀለሙ ለቋል፤ በየቀኑ የምትረግጠው ቦታ ነው። ደጋግሞ ቀባው፣ ደጋግሞ ወለወለው፣ አልመለስ አለው። «ይቺ የቀኟ ቶሎ ታልቅብኛለች» አለ ፈገግ ብሎ። በሁለት ዓመት ውስጥ ለነገሩ የቀረቡት እስከዚያች ድረስ ብቻ ነው።

«አባዬ» አለች ጮክ ብላ።

«እ?»

ሁሉም ነገር ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። እሱ ጫማውን አስቀምጦ ቀና ብሎ አያት። «እናቴ፣ ምን ሆነሻል? ፊትሽ ጠቁሯል። የሱቁን ነገር አታስቢ። ሌላ የማወርስሽ የለኝም፤ ያቺኑ ስሜን ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲሉ አልሰማሽም?»

«ምንም፣ ደክሞኝ ነው» አለች። ምነው ያን ጊዜ ምላሷን ለቀቅ ባደረገችው! ግን ሰው ነገን አያይም፤ ያየችው የአባቷን ፊት ነበር።

ጠዋት ሱቁ ሞላ። ባለ መጋዘኑ ካርቶኑን በሰው ፊት ቀደደ፣ ከመሀል አንድ አውጥቶ በሁለት እጁ ለአባቷ አቀበለ። «እንግዲህ ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት ነው» አለ፤ ትሕትናው ለጉድ ነው። አባቷ ሰካው፣ አሽከረከረው፣ አውራ ጣቱን ጎኑ ላይ አሳርፎ ጆሮው ሥር ይዞ ዓይኑን ጨፈነ። እሷ ሰማች። መሀል ላይ ቅጭ አለ። ትንሽ ነች፣ ግን አለች።

አንድ ጊዜ ረገጠችው።

አባቷ አልተናገረም። ኩሽኔታውን እንደገና አሽከረከረ። አውራ ጣቱን ጎኑ ላይ ደግሞ አሳረፈ፣ እስኪቆም ድረስ እዚያው አቆየው። ከዚያ ሲፈርድ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ ዞር ብሎ አያት። ዓይኗን ካርቶኑ ላይ ተክላ እንደገና አንድ ጊዜ፣ ጠበቅ አድርጋ፣ ረገጠችው።

«የጀርመን ነው» አለ አባቷ።

ሰዉ ወደ ካርቶኑ ተንጋጋ። ባለ መጋዘኑ የአባቷን እጅ ሳመ።

በዚያው ሳምንት ባለ ወፍጮዋ መጣች። ከከተማው ዳር ከታናሽ እህቷ ጋር ወፍጮ ቤት ያላት ሴት ናት። ወፍጮ ሥር የኖረ ሰው ይጮሃል፤ «እኔና እህቴ በሹክሹክታ ስናወራ ጎረቤት ይመልስልናል» ብላ በራሷ ትቀልዳለች። አባቷ እሷ ስትመጣ ደስ ይለዋል፤ ከሰው ሁሉ እሷን አጥርቶ ይሰማታላ። ሁልጊዜ የምትገዛው ከግራው መደርደሪያ ነው። በየሦስት ወሩ፣ ቀኑን ሳታሳልፍ፣ መጥታ ትለውጣለች።

«ጋሼ!» አለች ከደጅ ጀምራ። «እስቲ ዛሬ እንኳ ይምከሩኝ! ይሄ በየሦስት ወሩ ወፍጮ ማፍረስ እኔንም እህቴንም ሰልችቶናል። መጣ የተባለውን ጀርመን ልግባበት ወይስ ይቅርብኝ?»

«ግቢበት» አለ አባቷ። «ግራሶውን በሳምንት በሳምንት ስጪው እንጂ ዓመት ሙሉ አትንኪው። ዓመት ሲሞላ ነይና እንደገና እንጫወታለን።»

ዕቃውን በወረቀት ጠቅልላ ያሰረችላት ልጁ ናት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አባቷ እንዳይሰማ፣ «እትዬ፣ ለማንኛውም በሦስት ወሩ ፈተሽ አድርጊው» አለቻት።

«የጀርመኑን?» ብላ ባለ ወፍጮዋ በሳቅ ሱቁን ሞላችው። «ጋሼ፣ ኧረ ልጅዎ ጀርመንን ትጠረጥራለች! የሚፈተሽ ከሆነማ ያንኑ አገር የለሼን አልገዛም?»

አባቷም ሳቀ። ልጁም አብራ ሳቀች፤ ምን ታድርግ። ባለ ወፍጮዋ ጥቅሏን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ሄደች።

ወሮቹ አለፉ። በሦስተኛው ወር መጨረሻ ልጁ ወደ ከተማው ዳር ልትሄድ ሁለት ጊዜ ተነስታ ሁለት ጊዜ ተመለሰች። ምን ብላ ትግባ? ምንም አልተሰማም፣ ምናልባት ደግ ብረት ይሆናል ብላ ራሷን አጽናናች። አንዳንድ ሌሊትም ነቅታ ያቺን ቅጭ የምትል ድምፅ የሰማች ይመስላታል።

በአምስተኛው ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ወሬው ወደ መንገዱ ገባ። ኩሽኔታው እየሠራ ተፈረካክሷል፣ ዘንጉ ከቦታው ዘሏል፣ መዘውሩ ተነቅሎ እህል ታፈስ የነበረችውን ታናሽየዋን ደረቷ ላይ መቷታል። ሐኪም ቤት ሳትደርስ ሞተች። ልጁ መደርደሪያ ላይ ተንጠልጥላ በጠመኔ ትጽፍ ነበር፤ ጠመኔው ከእጇ ወድቆ ሦስት ቦታ ሆነ።

ለአባቷ የነገረችው ጮኻ ነው። አንገቱን ደፋ። ባለ መጋዘኑ ለቅሶ ቀድሞ ደረሰ፣ ድንኳን አስተከለ፣ አስለቀሰም። ሲመለስ ግን መንገዱ ላይ ቆሞ «ያሳዝናል፣ ግራሶ አልሰጡትም፤ የጀርመን ዕቃ እንኳ ቢሆን ግራሶ ይፈልጋል» አለ። ሰዉም ተቀበለው። ለምን አይቀበል? ኩሽኔታው የጀርመን ነው፤ ጋሽ ጆሮ ፈርዷል። ዕቃው ጥፋተኛ ካልሆነ ጥፋተኛዋ ባለ ወፍጮዋ ናት። «በእህቷ ሞት ላይ ምን ይባላል፣ ግን ስንፍና ነው» ይሉ ጀመር። ልጁ ይህን ሁሉ ባንኮኒው ኋላ ቆማ ሰማች። ጆሮዋን ጠላችው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ባለ ወፍጮዋ ራሷ መጣች። ከደጅ አልተጣራችም። በጥቁር ልብስ ውስጥ ግማሽ ሆናለች። የቋጠረችውን ጨርቅ ባንኮኒው ላይ ፈታችው፤ የተፈጩ ብዮች፣ የተጣመመ ቆርቆሮ፣ ለሁለት የተሰነጠቀ ቀለበት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ብረትም እንደዚያው ነው። ሁሉ ነገር ተሰባብሮ የጀርመን መሆኑን የሚናገረው ጽሑፍ ግን ጭረት እንኳ አልነካውም።

መናገር ጀመረች። ያ የወፍጮ ቤት ድምፅ ጠፍቶ ከንፈሯ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። አባቷ ፊቷን ፊቷን አየ፣ ጆሮውን አዘነበለ፣ አልያዘለትም። ወደ ልጁ ዞረ።

«ምን አለች?»

«ግራሶ በየሳምንቱ ሰጥቼዋለሁ ነው የምትለው» አለች ልጁ ጮክ ብላ። መንገደኛ ቆመ። አጎራባች ሱቆች አንገታቸውን አወጡ።

ባለ ወፍጮዋ ቀጠለች። እንባ የለም፤ እንባዋን ጨርሳ ነው የመጣችው።

«አሁንስ ምን አለች?»

«ሰዉ...» አለች ልጁ። «ሰዉ ጥፋቱ ያንቺ ነው ይለኛል ትላለች። እናቴም እንደዚያው ታስባለች ትላለች። እርስዎ ይፍረዱኝ...» ድምፅዋ ተቆረጠ። አባቷ አልሰማም፤ እጁን ጆሮው ላይ ደግፎ ይጠብቃታል። መጮህ ነበረባት፣ ጮኸች። «እህቴን የገደልኳት እኔ ነኝ ወይ? እሱን ይንገሩኝ ነው የምትለው!»

አባቷ የተሰነጠቀውን ቀለበት አነሳ። የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ ጆሮውም ዘንድ አልወሰደው። አውራ ጣቱን ብዮቹ ይሮጡበት በነበረው ጎድጓዳ መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ቀስ አድርጎ አስኬደ። የልጁ እግር ሳታዘው ከጫማዋ ወጥቶ የሱን ጫማ ፍለጋ ሄደ፤ ሁለት ጊዜ ልትረግጥ፣ አሁን እንኳ እውነቱን ልትናገር። እግሯ ያገኘው ባዶ ሲሚንቶ ነው። አባቷ እግሩን ሰብስቦታል።

«የጀርመን አይደለም» አለ፤ ድምፁ እስከ መንገዱ ማዶ ተሰማ። «አንቺ ምንም አላጠፋሽም፣ ልጄ። አገር የለሽ መሆኑን ብታውቂ በሦስት ወሩ ትለውጪው ነበር። ያሳሳትኩሽ እኔ ነኝ። ጆሮዬ ከጠፋ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ምንም አይሰማኝም። ሳይሰማኝ ነው የፈረድኩልሽ።»

«አባዬ...» አለች ልጁ።

እጁን አነሳ፤ ዝም በይ ማለቱ ነው። ዝም አለች። እኔ ነኝ፣ እሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ የሚሉ ቃላት አፏ ውስጥ ነበሩ፤ መንገዱ ሙሉ ቆሞ ይሰማ ነበር፤ እሷ ግን ዝም በይ ሲላት ዝም አለች። ከሁሉ ከሁሉ ለራሷ ይቅር የማትለው ያቺን ዝምታ ነው።

ባለ ወፍጮዋ ብዮቹን አንድ በአንድ ለቅማ ጨርቋ ውስጥ ከተተች። ጽሑፍ ያለበትን ስባሪ ለሽማግሌው ትታለት፣ «እግዜር ይይልህ» አለችው። አንቱታው ቀረ። ዞር ብላ ሄደች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ባለ መጋዘኑ በቆርቆሮ ጣሪያው ሥር የተናገረው ነው፣ አንዲት ነገር አልጎደለም። ሁለት ዓመት ተኩል የተፈረደው ሁሉ ተቆፈረ። የአውቶቡሱ ሹፌር ሳይቀር መጥቶ ባንኮኒውን በቡጢ ደበደበ፤ መኪናው አንድ ቀን ቆማበት የማታውቅ ሰው። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ማለት ይሄኔ ነው» እያሉ ተሳለቁበት። ባለ መጋዘኑም «እኔ ምን አጠፋሁ? በሱ ፍርድ አምኜ ነው የሸጥኩት» ብሎ ደረቱን መታ። ሰዎች አጽናኑት። ማሽኑን ጭኖ ሌላ ሰፈር ገባ፤ እዚያም ይወዱታል አሉ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ግን፣ ባለ ወፍጮዋ ከሄደች በኋላ፣ ሱቁ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። አባቷ ተነስቶ ጠመኔ ያዘ። ወደ ቀኙ መደርደሪያ ሄዶ ከላይኛው ረድፍ ጀመረ። በእያንዳንዱ ካርቶን ላይ «አገሩ አይታወቅም» ብሎ ይጽፋል።

«አባዬ፣ እነዚህ እኮ የጃፓን ናቸው» አለችው ጮክ ብላ።

«ማን አለ?» አለ ሳይዞር።

የመጀመሪያውን ረድፍ ጨርሶ ወደ ሁለተኛው ወረደ። ጠመኔው ካርቶኑ ላይ ሲሄድ ይሰማታል፣ እሱ አይሰማውም።

«ያን ቀን» አለ አባቷ፣ «አውራ ጣቴ ‹የጀርመን አይደለም› ብሎኝ ነበር። ሁለት ጊዜ ነገረኝ።» ጠመኔውን ከካርቶኑ ላይ አነሳ። «እግርሽን አመንኩ።»

ከዚያ የሚቀጥለውን ካርቶን ወደ ራሱ ሳበና ጻፈበት።